ዝምድና

ከራድ ድንበር ወዲህ ሦስተኛ ሌሊቱ፣
አምስት አውቶቡሶች፣ ጭቃ እስከ መስኮቱ፣
ዲማና ሚዛንን፣ ቦንጋን ተሰናብተው፣
ጎጀብን ተሻግረው፣
ጅማ ገቡ ማታ፣ በዝናብ ታጅበው።

ለክረምት የተዘጋ የትምህርት ቤት አዳራሽ፤
ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያልጠፋ ክፍልፋይ፣ ሳይደመር የቀረ ግማሽ።
እዚያ ነው ጠረጴዛዬ፤
ቴርሞሜትር፣ ጓንት፣ ሦስት ቀለም ያለው የክንድ መለኪያዬ፣
ደግሞም ያ ቅጽ አለ፣ ከሁሉ የሚከብድ፣
«ለጉዞ ብቁ ነው፣ አይደለም» የሚለው፣ መሐል የሌለው መንገድ።

ሰው በሰልፍ ይመጣል፣
ቢየል ይተረጉማል፣
ጥያቄዬ አጭር ነው፣ መልሱ ግን ይረዝማል።

«ሳል ከያዘዎት ስንት ሳምንት ሆነ?» አልኳቸው አዛውንቱን።
ቢየል ሰምቶ፣ ሰምቶ፣ አመጣልኝ ቃሉን፦
«ቀንደ ጎባጣዋ ላሜ ከተነዳች ወዲህ ነው ይላሉ።»
ሳጥኑ ቁጥር ነው የሚሻ፣ አያውቅም ላም መቁጠር በውሉ።
«ላሟ መቼ ተነዳች?»
«ልጃቸው የሞተ ዕለት።»
ስለ ልጁ ሳልጠይቅ ጻፍኩ፦ ሦስት ሳምንት።

ከዚያ ልጅቷ መጣች፤ ስሟ ኛሉዋክ ነው፣
ዐሥራ ሁለት ቢሆናት፣ ወገቧ ላይ ሕፃን አለ፣ ጭንቅላቱን የደፋው።
ክንዱን በጥብጣቡ ዞርኩት፣
ሳብ አደረግሁት፣ ደግሜም ሳብኩት፤
አረንጓዴው አለፈ፣
ቢጫውም አለፈ፣
ቀስቱ ቀዩ ላይ ደርሶ እዚያው አረፈ።

«ይህ ልጅ አይጓዝም፤ ሆስፒታል ይተኛል፤ ማነው አብሮት የሚቀር?
ዝምድናሽ ምንድን ነው?»
«ወንድሜ ነው» አለች።
ቢየል ጣቶቹን አየ፣ ሳይናገር።
ሕፃኑ በትኩሳት እናቱን ሲጣራ፣
በአኙዋ ቋንቋ ነው።
እሷ ኑዌር ናት። ይህን ለማወቅ ጆሮ ይበቃል፣ አያሻም ምርመራ።

አክስቷ ከኋላ፣ ጄሪካን ታቅፋ፣
«አኮቦ ወንዝ ዳር፣ ሣር ውስጥ አግኝታው ነው» አለች፣ ድምጿ ጠፍቶ ጠፍቶ ሲሰፋ፤
«ተይው ብያት ነበር።»

መመሪያው ግልጽ ነው፦ የሚቀር የሥጋ ዘመድ ብቻ፤
ሌላው በዐሥራ ሁለት ሰዓት ይሳፈራል፣ አይኖርም ምርጫ።

እስክሪብቶ እንደያዝኩ፣
«ሲስተር!» አለ ከበሩ ሸምሱ አባ ቡልጉ፣ ሹፌሩ፤
«ሲስተር፣ ጓንት አለቀ» አለ ልጁ፤
«ሲስተር፣ ጄኔሬተሩ…» አሉ ዘበኛው፣ መብራት እያጠሩ።
ኛሉዋክ የቢየልን ክርን ነካ አድርጋ አንድ ነገር አለችው።
«ምን አለች?»
«ሲስተር ምን ማለት ነው አለችኝ። እህት ማለት ነው አልኳት።»
«እሺ፣ ከዚያስ?»
ሳቅ ሊል ፈልጎ ተወው፦
«የማን? ነው የምትለው።»

ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከሔርማታ እስከ ጅሬን፣
ከአዌቱ ማዶ ለማዶ፣ በዚህ ስም ሲጠሩኝ
ማንም የደም ምስክር አምጪ ብሎ አልጠየቀኝ።

ጻፍኩ።
ዝምድና፦ እህት።
ቢየል አነበበው፣ ቅጹን ገለበጠና ቀጣዩን ጠራልኝ።

ሲነጋ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ፣
ጄሪካኑ በመስኮት ወረደ፣ ውሃው እስከ ግማሽ ሞልቶ።
አክስቷ አላለቀሰችም፤ ክዳኑን አጥብቂ ብቻ አለቻት፤
ቢየል እንኳ ይህን መተርጎም አላስፈለገውም፤ በእጇ አሳየቻት።

ረፋድ ላይ ሸምሱ ከበደሌ ደወለ፦
«ሲስተር፣ ሁለት ሰው ጎደለኝ፣ ወረቀቱ አንድ ነው ያለው፤ ማነው የተሳሳተው?»
እኔ ግን ከሕፃናት ክፍል በር ቆሜ ነበር፤
ልጁ ግሉኮሱ በእጁ እየወረደ ተኝቷል፤
እሷ ከአልጋው ሥር፣ በርጩማ ላይ፣
ከኪሴ የወደቀውን ጥብጣብ አንሥታ
የራሷን ክንድ ትለካለች።

«ሲስተር? ትሰሚኛለሽ?»

ከአምስት ዓመት በላይ አይለካም ይላል መመሪያው።
አልለካኋትም ነበር።
ትስባለች፣ ትስባለች፣
ቀለሙን ከማየቷ በፊት በመዳፏ ሸፈነችው።